የነጥብ ሚዛን

በሽንዲ ገበያ ሦስት ኩንታል በቆሎ በአንድ ዋጋ፣ አንድ ኩንታል ደግሞ በሌላ ዋጋ የገዛ ነጋዴ አማካዩን ሲፈልግ ሁለቱን ዋጋዎች ደምሮ ለሁለት አያካፍልም፤ እያንዳንዱን ዋጋ በኩንታሉ ብዛት አባዝቶ ድምሩን ለአራት ያካፍላል እንጂ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ውጤትም የሚሰላው በዚሁ ሕግ ነው።

በጎጃም የቅኔ ቤቶች እንዲህ ያለ ስሌት አይታወቅም፤ ተማሪው ለመመረቅ መብቃቱን የሚፈርደው ቅኔውን ያደመጠው መምህር ነው። ሌላው ሚዛን የመጣው ከዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት ጋር ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም.፣ የምሕንድስናው ኮሌጅ በ1945 ዓ.ም. ተከፈቱ። በ1954 ዓ.ም. ኮሌጆቹ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሲጠቃለሉ፣ ለምሥረታው ጥናት ያደረገው የአሜሪካው የዩታ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነበር። በክሬዲት የመለካቱ ልማድም የአሜሪካ ነው።

በዚህ አሠራር ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1 ነጥብ ያስገኛል። በ4 ክሬዲት ሒሳብ ሲ፣ በ3 ክሬዲት ፊዚክስ ቢ፣ በ1 ክሬዲት ላቦራቶሪ ኤ ያገኘ ተማሪ 8፣ 9 እና 4፣ በድምሩ 21 ነጥብ ይኖረዋል፤ ለ8 ሲካፈል 2.63 ይሆናል። ክብደት ባይታሰብ ኖሮ አማካዩ 3.00 በሆነ ነበር።

ይሁን እንጂ ክሬዲት የክፍል ሰዓትን እንጂ ድካምን አይለካም። በሳምንት ሦስት ሰዓት የሚወስድ ላቦራቶሪ ብዙ ጊዜ አንድ ክሬዲት ብቻ ይታሰባል። ለምረቃ 2.00 በሚጠየቅበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለሆነም ወጣት መሐንዲስ የሚቀጥር ባልደረባችን አማካዩን ብቻ ሳይሆን፣ አማካዩ የተገነባባቸውን ኮርሶችም አንድ በአንድ ሊመረምር ይገባዋል።