ለሕፃኑ የሚደርስ መልስ፦ የመተንፈሻ አካላት ቫይረሶች ፈጣን ምርመራ አጭር ታሪክ

የላቦራቶሪ መልስ ሁለት ተቀባዮች አሉት፤ አንደኛው መዝገብ፣ ሁለተኛው በሽተኛው ነው። የሕፃናትን የመተንፈሻ አካላት የሚያጠቁ ቫይረሶች ምርመራ ለረጅም ዘመን የሚያገለግለው መዝገቡን ብቻ ነበር። መልሱ ወደ ሕፃኑ አልጋ እንዴት እንደ ቀረበ፣ ሲቀርብም ምን እንዳተረፈና ምን እንዳጎደለ መመርመር ለሙያችን ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ለመጀመሪያ ጊዜ ተለይቶ የታወቀው በ1933 በለንደን ነው። ዊልሰን ስሚዝ፣ ክሪስቶፈር አንድሩስና ፓትሪክ ሌይድሎ ከበሽተኛ ጉሮሮ የተገኘ እጣቢ ፌሬት በተባለ ትንሽ እንስሳ አፍንጫ ውስጥ ጨምረው በሽታው መተላለፉን አሳዩ። በ1956 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ጉንፋን ከያዛቸው ቺምፓንዚዎች አዲስ ቫይረስ መገኘቱ ተገለጸ። በ1957 ዶክተር ሮበርት ቻኖክና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ ቫይረስ በባልቲሞር ከታመሙ ሕፃናት አገኙት። ቫይረሱ ሕዋሳትን እርስ በርስ የሚያዋሕድ በመሆኑ ሬስፒራቶሪ ሲንሲሽያል ቫይረስ፣ ባጭሩ አር ኤስ ቪ ተባለ። የጨቅላዎችን ትንፋሽ የሚያስጨንቀው የብሮንኪዮላይቲስ ዋነኛ መንሥኤም እርሱ ነው።

ይሁን እንጂ ቫይረሱን ማወቅ አንድ ነገር፣ በታመመው ሕፃን ላይ በጊዜው ማግኘት ሌላ ነገር ነበር። ናሙናው በሕይወት ባሉ ሕዋሳት ላይ እስኪያድግ ብዙ ቀናት ይፈጃል፤ አር ኤስ ቪ ደግሞ በጉዞና በረዶ ሆኖ ሲቀልጥ በቀላሉ የሚጠፋ ቫይረስ ነው። በደም የሚደረገውም ምርመራ ሁለተኛ ናሙና ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ይጠይቃል፤ ጨቅላው ከእናቱ የወረሰው ፀረ እንግዳ አካልም ውጤቱን ያደናግራል። እንግዲህ መልሱ በሚደርስበት ጊዜ ሕፃኑ ወይ ድኖ ወደ ቤቱ ገብቷል፣ ወይም በሕይወት የለም።

መንገዱን የከፈተው በ1940ዎቹ መጀመሪያ በሐርቫርድ አልበርት ኩንስ የፈለሰፉት ዘዴ ነው። ኩንስ ፀረ እንግዳ አካልን ከሚያበራ ቀለም ጋር በማጣመር የተፈለገው ነገር በማይክሮስኮፕ ሥር በርቶ እንዲታይ አደረጉ። ይህን ዘዴ ለሕፃናት ክፍል ያዋሉት በእንግሊዝ አገር የኒውካስል ባለሙያዎች ፊሊፕ ጋርድነርና ጆይስ ማክዊሊን ናቸው። በ1968 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ከሕፃኑ አፍንጫና ጉሮሮ ከተወሰደው ንፍጥ ሕዋሳቱ ታጥበው በብርጭቆ ላይ ተቀብተው ሲቀለሙ አር ኤስ ቪ በዚያው ዕለት ሊታወቅ ይችላል። ስለ ፈጣን የቫይረስ ምርመራ የጻፉትም መጽሐፍ በ1974 ታተመ።

ለበሽታው ፍቱን መድኃኒት ሳይኖር ፍጥነቱ ምን ጠቀመ? መልሱ በ1975 ታየ። ዶክተር ካሮሊን ሆልና ባልደረቦቻቸው በኒው ዮርክ ግዛት በምትገኘው በሮቸስተር፣ በሌላ በሽታ የተኙ ሕፃናት በዚያው በሆስፒታሉ ውስጥ በአር ኤስ ቪ እንደሚያዙ አረጋገጡ። ስለዚህ በዕለቱ የሚደርስ ውጤት የታመመውን ከጤነኛው ለመለየትና የአስታማሚዎችን እጅ መታጠብ ለማጥበቅ ያገለግላል። የፍጥነት የመጀመሪያው ጥቅም ይኸው ነበር።

በ1971 የኤላይዛ ዘዴ፣ በ1975 ደግሞ በኬምብሪጅ የኮለርና የሚልስታይን ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ተገኙ። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተስፋፋው የወረቀት ሰሌዳ ምርመራ በሩብ ሰዓት ገደማ መልስ የሚሰጥ፣ ማይክሮስኮፕም የማይሻ ሆነ። ነገር ግን አንድ ነገር ጎደለ። የኒውካስል ባለሙያ በማይክሮስኮፑ ሲመለከት ቫይረሱን ብቻ ሳይሆን ሕዋሳቱንም ያያል፤ ሕዋሳት ካልበቁ «ናሙናው አይረባም፣ ይደገም» ይላል። በሰሌዳው ላይ ያለው የመቈጣጠሪያ መስመር ግን በአብዛኛው የሚመሰክረው ፈሳሹ መጓዙን እንጂ ናሙናው በቂ መሆኑን አይደለም። ፍርዱ ከተመልካቹ ዓይን ወጥቶ ናሙናውን በሚወስደው እጅ ላይ ወደቀ ማለት ነው።

ቍጥሮችም ይህን ጥንቃቄ ያጠናክራሉ። በ2012 የወጣ የጥናቶች ማጠቃለያ እንዳመለከተው፣ የኢንፍሉዌንዛ ፈጣን የአንቲጅን ምርመራ ቫይረሱ ካለባቸው 100 ሰዎች 62 ያህሉን ብቻ ያገኛል፤ ከሌለባቸው መካከል ግን 98 ያህሉን በትክክል ነፃ ይላል። ለአር ኤስ ቪ በ2015 የወጣው ማጠቃለያ በሕፃናት 81፣ በአዋቂዎች 29 ከመቶ አሳይቷል። ሕፃናት ቫይረሱን በብዛትና ለረጅም ጊዜ ስለሚያወጡ ሰሌዳው ለእነርሱ ይሻላል። እንዲህም ሆኖ «የለም» የሚለው መልስ በሽታውን አያስቀርም። ጥቃቅን የቫይረስ ቅሪትን አብዝቶ የሚያሳየው ፒ ሲ አር ደግሞ በተቃራኒው፣ ሕመሙ ካለፈ በኋላ የቀረውንም ይይዛል።

ፍጥነት ብቻውን የሐኪምን ልማድ እንደማይለውጥም ታይቷል። በሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የተደረጉ አራት ጥናቶችን የመዘነው የ2014 ግምገማ፣ ፈጣን ምርመራ የደረት ራጅን መቀነሱን፣ በአንቲባዮቲክ አሰጣጥ ላይ ግን አስተማማኝ ልዩነት አለማምጣቱን አመልክቷል።

በአገራችን ጤና ኬላዎች የወባ ፈጣን ምርመራ የታወቀ ሥራ ነው። የሕፃናት የሳንባ ምች ግን የሚለየው ትንፋሽ በመቍጠር ነው፦ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት በደቂቃ 50፣ ከዚያ እስከ 5 ዓመት 40ና ከዚያ በላይ። ይህ ቈጠራ ቫይረስን ከባክቴሪያ አይለይም፤ ሰሌዳውም ቢመጣ ሁለቱ በአንድ ሕፃን ላይ አብረው መገኘታቸውን አያስተባብልም። ስለዚህ ምርመራው ከመምጣቱ በፊት ናሙናውን ማን እንደሚወስድ፣ «አለ» ሲባል ምን እንደሚደረግ፣ «የለም» ሲባልም ምን እንደማይቀር አስቀድሞ ሊወሰን ይገባል። ይህ ካልተወሰነ፣ በሩብ ሰዓት የደረሰውም መልስ ተመልሶ ለመዝገብ ብቻ ይሆናል።