ከኮርቻው በፊት

አባቶቻችን «በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ» ይላሉ። በደነገጠ ላይ ሌላ ማስደንገጫ ሲጨመርበት ነገሩ እንዴት እንደሚብስ የሚያሳይ ተረት ነው። እኔም ስለ ደንባራ ፈረስ አገራር ጥቂት ለመጻፍ የተነሣሁት፥ የዚህ ሥራ ታሪክ ሰውን ስለ ማስተማርና ስለ ማስተዳደር የሚጠቅም ምክር የሞላበት ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

በአገራችን ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ አባ በዝብዝ፥ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው እየተባሉ በፈረስ ስማቸው ይጠሩ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ የፈረሰኛውን ዝና የሚያነሣ ብዙ ሲሆን፥ ፈረሱ ሰው ለመሸከም ከመብቃቱ በፊት የተደከመበትን ድካም የሚያነሣ ጥቂት ነው።

ፈረስ በተፈጥሮው የሚታደን እንጂ የሚያድን እንስሳ አይደለም። ጥርስና ኮቴ ቢኖረውም ከሁሉ አስቀድሞ የሚተማመነው በሩጫው ነው። ዓይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ ነገር ግን ልክ ከኋላው ያለውንና ልክ ከግንባሩ ሥር ያለውን አያይም። ስለዚህ ድንገት ከኋላው የመጣበት ሰው ወዳጅም ቢሆን ለእርሱ ጅብ ነው። መደንበሩ ክፋት አይደለም፤ ዘሩን እስከ ዛሬ ያቆየለት ጠባይ ነው።

የመቄዶንያው እስክንድር ገና ልጅ ሳለ ቡኬፋሎስ የተባለውን ፈረስ እንዴት እንደ ገራ ፕሉታርክ ጽፎልናል። ፈረሱ ለአባቱ ለንጉሥ ፊልጶስ በ13 መክሊት ሊሸጥ ቀርቦ ሳለ፥ ማንንም የማያስቀርብ ሆኖ ስለ ተገኘ ንጉሡ ይመለስ ብሎ አዘዘ። እስክንድር ግን ፈረሱ የሚደነብረው የገዛ ጥላውን ከፊቱ ሲንቀሳቀስ እያየ መሆኑን አስተዋለ። ልጓሙን ይዞ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዞረው፤ ጥላውም ወደ ኋላ ቀረ። ጥቂት ጊዜ አብሮት ሮጠ፤ በእጁም ደባበሰው፤ ካባውን ቀስ ብሎ ጣለና ከዚያ በኋላ ተቀመጠበት። ሰው ሁሉ የሚያደንቀው መቀመጡን ነው። እኔ የማደንቀው ግን ከመቀመጡ በፊት በእግሩ ቆሞ ያደረገውን ነው። ሌሎቹ ፈረሱ የሚያደርገውን አዩ፤ እርሱ ግን ስለ ምን እንደሚያደርገው መረመረ።

ከእስክንድር ጥቂት ቀደም ብሎ የነበረው የአቴናው ዜኖፎን ደግሞ ይህን በትምህርት መልክ ጽፎታል። ዜኖፎን የሶቅራጥስ ደቀ መዝሙር ሲሆን፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ401 ዓመት በፋርስ ምድር የቀሩትን የግሪክ ወታደሮች እየመሩ ካወጡት አለቆች አንዱ ነበር። የጦር ሰው ስለሆነ ልስላሴን የመከረው ከፍርሃት የተነሣ ነው ሊባል አይችልም። ስለ ፈረስ በጻፈው መጽሐፍ፥ ውርንጭላው ምግብ፥ ውኃና ከዝንብ ማረፍ የሚገኘው ከሰው ዘንድ መሆኑን አስቀድሞ እንዲማር ያዝዛል። ባልደራሱም በሕዝብ መካከል እየመራው ልዩ ልዩ ነገርና ድምፅ እንዲያለምደው ይላል። ፈረሱ ከአንድ ነገር የሸሸ እንደሆነ፥ ሰውየው ያን ነገር ራሱ ነክቶ በቀስታ ያቅርበው እንጂ አይምታው። በፈራው ነገር አጠገብ የተመታ ፈረስ ሕመሙ ከዚያው ነገር የመጣ ይመስለዋልና። በቁጣም ወደ ፈረስ መቅረብ አይገባም፤ ቁጣ ወደ ፊት አያይምና።

ነገር ግን መልካም ምክር ስለ ተጻፈ ብቻ ሁሉ ይሠራበታል ማለት አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1550 ዓ.ም. ፌዴሪኮ ግሪሶኔ በናፖሊ ያሳተመው የፈረስ ትምህርት መጽሐፍ በብዙ አገር ተነበበ፤ እምቢ ያለውን ፈረስ በብርቱ ቅጣት ማስገደድን የሚያስተምር ቃልም ነበረበት። በኢጣልያ የተማረው ፈረንሳዊው አንቷን ደ ፕሉቪኔል ግን ሌላ መንገድ ያዘ። እርሱ በ1594 ዓ.ም. በፓሪስ ለመኳንንት ልጆች ትምህርት ቤት ያቆመ፥ ንጉሥ ሉዊ 13ኛንም ግልቢያ ያስተማረ ሰው ነው። ፈረሱን አስቀድሞ ማንም ሳይቀመጥበት በአንድ ምሰሶ ዙሪያ በገመድ እያዞረ ያስተምረው ነበር። በትሩ እንዲያንስ፥ መደባበሱ እንዲበዛ፥ ፈረሱም ሥራውን በደስታ እንዲሠራ ይፈልግ ነበር።

ዛሬም ይህን ሥራ የሚያውቁ ሰዎች ከዚህ ብዙ አይርቁም። ወደ ፈረሱ የሚቀርቡት በትከሻው በኩል ነው። በገመድ ጥቂት ይመሩታል፥ ያቆሙታል፥ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ያስኬዱታል። ገመዱን ጠበቅ ሲያደርጉ ፈረሱ ትንሽ እንኳ እሺ ካለ ወዲያውኑ ያላሉለታል፤ እሺታው ትክክል መሆኑን የሚነግረው መላላቱ ነውና። የሚያስደነግጠውን ጨርቅ በሩቅ ያሳዩታል፤ ረጋ ሲል ይሰውሩለታል፤ በማግሥቱ አንድ ክንድ ያቀርቡለታል። ትምህርቱ አጭር ነው፤ ግን በየቀኑ ይደገማል።

እንዲህ ያለው ትዕግሥት ፈረሱን ያባልጋል የሚል ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ትዕግሥት ማለት ገመዱን መጣል ነው አላልሁም። ሰውን እየገፋ የሚያልፍ ፈረስ ወደ ኋላ ሊመለስ ይገባዋል፤ ይህንንም ያለ ቁጣ ማድረግ ይቻላል። በዱላ ብቻ የተገራ ፈረስም ይታዘዛል፤ ነገር ግን ከዱላው የሚብስ አስፈሪ ነገር በመጣበት ቀን ጌታውን ጥሎ ይሸሻል። የታመነ ሰው በአጠገቡ ያለ ፈረስ ግን፥ በፈራ ጊዜ ጆሮውን ወደዚያ ሰው ይመልሳል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ነገ አንተም መምህር ወይም አለቃ ወይም ወላጅ ትሆናለህ። ሲያነብ የሚንተባተብ ልጅ በፊትህ ይቆማል። ያን ጊዜ ብትመታው፥ ሕመሙ ከፊደሉ የመጣ ይመስለዋል፤ መጽሐፍንም ዕድሜውን ሁሉ ይሸሻል። እጅህን ከማንሣትህ በፊት ዙረህ፥ ጥላው በየት በኩል እንደ ወደቀ ተመልከት።