የክብደትና የወገብ ልኬት ለጤና ተጋላጭነት ልየታ፦ በወረታና በፎገራ ሜዳ ለሚገኙ ተገልጋዮች

የሰውነት ክብደት ከቁመት ጋር ሲነጻጸር የሚገኘው ምጣኔ (ቢኤምአይ) እና የወገብ ዙሪያ ልኬት አዋቂዎች ለስኳር፣ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም ያላቸውን ተጋላጭነት ለመለየት ያገለግላሉ። ልኬቶቹ በሽታ መኖሩን አያረጋግጡም፤ ተጨማሪ ምርመራ የሚያስፈልገውን ሰው ይጠቁማሉ።

ቢኤምአይ የሚሰላው በኪሎ ግራም የተለካውን ክብደት በሜትር በተለካው ቁመት ካሬ በማካፈል ነው። ቁመቷ 1.60 ሜትር፣ ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም የሆነ የወረታ ነጋዴ ውጤት 27.3 ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ18.5 በታች የሆነውን ዝቅተኛ ክብደት፣ ከ18.5 እስከ 24.9 ያለውን ጤናማ፣ ከ25 እስከ 29.9 ያለውን ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ውፍረት ብሎ ይመድባል። ነፍሰ ጡር እናቶችና ሕፃናት በዚህ አይመዘኑም፤ ለእነርሱ የክንድ ዙሪያ ልኬትና ሌሎች መለኪያዎች አሉ።

የወገብ ዙሪያ የሚለካው በመጨረሻው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት የላይኛው ጠርዝ መካከል፣ ተለኪው ቆሞ አየር ካስወጣ በኋላ ነው። ጋቢና መቀነት መውለቅ አለባቸው፤ በመቀነት ላይ የተወሰደ ልኬት የሚነግረው የጨርቁን ውፍረት ነው። በወንዶች ከ94፣ በሴቶች ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲሆን ተጋላጭነቱ ይጨምራል፤ በወንዶች ከ102፣ በሴቶች ከ88 ሲበልጥ ደግሞ ከፍተኛ ይሆናል።

ቀጭን መሆን ግን ከስኳር በሽታ ነፃ መሆን አይደለም። በጎንደርና በዙሪያው በሚገኙ የገጠር ክሊኒኮች ክትትል በሚያደርጉ ሕሙማን ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው የገጠር ነዋሪዎች ብዙዎቹ ድሆችና ቀጫጭኖች መሆናቸውን አመልክቷል። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በ2025 ከምግብ እጥረት ጋር ለተያያዘው የስኳር በሽታ «ዓይነት 5» በሚል እውቅና ሰጥቷል። ስለሆነም ቁመቱ 1.70 ሜትር፣ ክብደቱ 52 ኪሎ ግራም የሆነ (ቢኤምአይ 18.0) ገበሬ ውሃ እየጠማው፣ ሽንቱ እየበዛና እየከሳ ከሄደ የስኳር ምርመራ ሊደረግለት ይገባል።

በዚህ አካባቢ የወገብ ልኬትም በሌላ ምክንያት ሊያሳስት ይችላል። ከፎገራ ጋር በሚዋሰነው ሊቦ ከምከም ወረዳ እ.ኤ.አ. በ2005 የካላ አዛር ወረርሽኝ ተከስቶ ነበር። ካላ አዛር ጣፊያን ስለሚያሳብጥ የሕመምተኛው ሆድ ይነፋል፤ ክንዱና እግሩ ግን ይከሳሉ። ሰውነቱ እየከሳ ሆዱ የነፋ፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ትኩሳት ያለውና በወባ ምርመራ ያልተገኘበት ሰው፣ በተለይ ለቀን ሥራ ወደ ሑመራ ወይም መተማ ሄዶ የተመለሰ ከሆነ፣ «ቦርጭ አወጣ» ተብሎ ሊታለፍ አይገባም። ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር አለበት፤ ሕክምና ካላገኘ በሽታው ለሞት ይዳርጋል።

ተገልጋዮች ለልኬት በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ መሄድ ይችላሉ። የደም ግፊትም አብሮ ቢለካ ይመረጣል። የገበሬ ክብደት በክረምት ቀንሶ ከመኸር በኋላ ሊያገግም ስለሚችል፣ የዘንድሮው ልኬት ከአምናው ጋር የሚነጻጸረው በተመሳሳይ ወቅት የተወሰደ ሲሆን ነው፤ ለዚህም ውጤቱንና ቀኑን መዝግቦ መያዝ ይጠቅማል።