ሰማያዊና አረንጓዴ

ስታዲየም ውስጥ ያለቀስሁባቸውን ቀናት አስታውሳለሁ፤ በቅዳሴ መካከል ግን አልቅሼ አላውቅም። የምደግፈው ክለብ የሰማዕት ስም አለው፤ በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። በሺህ የሚቆጠር ሰው በአንድ ድምፅ ስሙን ሲጠራ የሰማ እንግዳ፣ ጨዋታ ይሁን ንግሥ ለመለየት ይቸገራል። ታዲያ ይህ ፍቅር አምልኮ ይሆን? ጥያቄው ስላልለቀቀኝ ወደ አንድ የቆየ ታሪክ መለሰኝ።

በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቁስጥንጥንያ ሕዝብ በሁለት ቀለም ተከፍሎ ነበር፤ ሰማያዊና አረንጓዴ። ቀለሞቹ የሠረገላ እሽቅድምድም ቡድኖች መለያ ናቸው። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ፣ ሰዎቹ ለቀለማቸው ሲሉ የእግዚአብሔርንም የሰውንም ሕግ እንደሚንቁ፣ ወንድማማቾች እንኳ በዚህ እንደሚለያዩ በምሬት ጽፏል።

ብዙ ሊቃውንት ከቀለሙ ጀርባ ሃይማኖት ፈልገዋል። ሰማያዊዎቹ የኬልቄዶንን ጉባኤ የተቀበሉ፣ አረንጓዴዎቹ ደግሞ እንደ እኛ ጉባኤውን ያልተቀበሉ ናቸው ይባል ነበር። አለን ካሜሮን በ1976 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አስተያየት አፈረሰው፤ ቀለሙ የእምነት መለያ አልነበረም። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ደነገጥሁ። ሰዎቹ ለመጠላላት የሃይማኖት ሰበብ እንኳ አላስፈለጋቸውም፤ ቀለሙ ብቻውን በቃቸው።

በጥር 532 እ.ኤ.አ. ሁከት ያስነሡ ደጋፊዎች በስቅላት እንዲቀጡ ተፈረደ። መስቀያው ተሰበረና ሁለቱ ከነነፍሳቸው ወደቁ፤ አንዱ ሰማያዊ፣ ሌላው አረንጓዴ። መነኮሳት አንሥተው፣ በጀልባ አሻግረው፣ በቤተ ክርስቲያን አስጠጉአቸው። ሕዝቡ ምሕረት ለመነ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ዮስጢንያኖስ ግን አልሰማም። ያን ጊዜ ሁለቱ ባላንጣዎች አንድ ሆነው ለሠረገላ ነጂ የሚጮኹትን ጩኸት በንጉሡ ላይ ጮኹ፦ «ኒካ!»፤ ድል አድርግ ማለት ነው። ከተማይቱ ተቃጠለች፤ ታላቁ ቤተ ክርስቲያን ሐጊያ ሶፊያም ሳይቀር። በመጨረሻም የንጉሡ ወታደሮች ሕዝቡን በእሽቅድምድሙ ሜዳ ውስጥ ከብበው ፈጁት። ፕሮኮፒየስ የሟቾቹን ቁጥር ከ30 ሺህ በላይ ያደርሰዋል። ዛሬ የሚታየው ሐጊያ ሶፊያ ከዚያ አመድ ላይ ተሠርቶ በ537 የተመረቀው ነው።

እንግዲህ መልኩስ አንድ ነው፤ ልብሱም፣ ዝማሬውም፣ በዓሉም፣ ለስሙ መሞቱም። ልዩነቱን የማየው በእነዚያ መነኮሳት ላይ ነው። ከወደቁት አንዱን ለይተው አላነሡም፤ ሁለቱንም አነሡ። በቋንቋችን ደጋፊ ማለት ከሁሉ አስቀድሞ የሚወድቀውን የሚይዝ ነው፤ በዚያ ቀን ለዚህ ስም የበቁት እነርሱ ነበሩ። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ አማኙም መነኮሳቱን ትቶ ቀለሙን ብቻ የሚይዝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በዚያን ጊዜ ቤተ መቅደሱ ራሱ የእሽቅድምድም ሜዳ ይሆናል።

ከእንግዲህ ስታዲየም አልሄድም አልልም፤ እሄዳለሁ፣ ምናልባትም አለቅሳለሁ። ነገር ግን የተቃራኒውን ማልያ የለበሰ ሰው ደረጃው ላይ ከፊቴ ቢወድቅ እጄ ይዘረጋ ይሆን? ፍቅሬ ምን እንደሆነ የማውቀው ያን ቀን ነው።