በግድግዳ ውስጥ የተዘረጋው አቧራ መሳቢያ

አቧራን ከአንድ ሥፍራ አንሥቶ በሌላ ሥፍራ ማሳረፍ ጽዳት ሊባል እንደማይችል፣ ከመጥረጓ በፊት ወለሉ ላይ ውሃ የምትረጭ የቤት እመቤት ሁሉ ጠንቅቃ ታውቀዋለች። ይህንኑ ችግር በመካኒካል ዘዴ ለማስወገድ የተደረገው ጥረት ግን ረዘም ያለ ጊዜ የወሰደና ከአንድ ጊዜ በላይ አቅጣጫውን የለወጠ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1901 እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሁበርት ሴሲል ቡዝ ለንደን ውስጥ አንድ አዲስ የጽዳት መሣሪያ ሲታይ ተገኝቶ ነበር። መሣሪያው አየር እየነፋ አቧራውን ያስነሣል፤ የተነሣውም አቧራ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሶ ይሰፍራል። ቡዝ ለምን አይስብም ሲል ጠየቀ። ሐሳቡንም ለመፈተን በቪክቶሪያ መንገድ በሚገኝ ምግብ ቤት የወንበር ጨርቅ ላይ አፉን ደቅኖ አየር ሳበ። ትንታው ለሐሳቡ ትክክለኛነት በቂ ማስረጃ ሆነለት። በዚያው ዓመት የፈጠራ ባለመብትነት አገኘ። ማሽኑ በቤንዚን ሞተር የሚሠራና በፈረስ የሚጎተት ግዙፍ ዕቃ ስለ ነበር ወደ ቤት አይገባም፤ መንገድ ዳር ቆሞ ረዣዥም ቱቦዎቹ ብቻ በመስኮት ይዘልቃሉ። በ1902 ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ዘውድ ከመጫናቸው በፊት የዌስትሚንስተር አቢ ምንጣፎች የጸዱት በዚሁ ዘዴ ነበር።

ቡዝ ማሽኑን እስከ ደጃፍ ሲያመጣ፣ ማሽኑን የሕንፃው አካል ያደረገው ግን አሜሪካዊው ዴቪድ ኬኒ ነው። በ1902 በፒትስበርግ ከተማ በፍሪክ ሕንፃ ውስጥ 4,000 ፓውንድ፣ ማለትም 1,800 ኪሎግራም ያህል የሚመዝን በእንፋሎት የሚንቀሳቀስ መሣሪያ ተከለ። ከዚያም ወደ ልዩ ልዩ የሕንፃው ክፍሎች የሚደርሱ ቧንቧዎች ዘረጋ። ኬኒ በሙያው የቧንቧ ሠራተኛ እንደ ነበር ማስታወስ ተገቢ ነው። ቆሻሻ ከተፈጠረበት ክፍል በቧንቧ ተጉዞ መውጣት አለበት የሚለው አስተሳሰብ ለእርሱ ሙያ እንግዳ አይደለምና። በ1913 በአሜሪካ የግምጃ ቤት ሚኒስቴር ሥር ይሠራ የነበረው መካኒካል መሐንዲስ ኩሊ በዚሁ ሥርዓት ላይ ብቻ ያተኮረ መጽሐፍ እስከ ማሳተም መድረሱ ጉዳዩ የቱን ያህል ክብደት ተሰጥቶት እንደ ነበር ያሳያል።

ይሁን እንጂ ቧንቧው ብረት ነበር። ብረት መቁረጥ፣ ጥርስ ማውጣትና ማጥበቅ የባለሙያ ሥራ በመሆኑ፣ ሥርዓቱ ከትልልቅ ሕንፃዎችና ከባለጸጎች መኖሪያ ብዙም ሳይርቅ ቀረ። በኦሃዮ ክፍለ ሀገር የካንተን ነዋሪ የነበረው የጽዳት ሠራተኛ ጄምስ መሪ ስፓንግለር በ1908 ባለመብትነት ያገኘበትና ዊልያም ሁቨር የገዛው ተንቀሳቃሽ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ደግሞ ገበያውን ወሰደ። ይህ ድል የቴክኒክ ብልጫ ውጤት ነበር ማለት ያዳግታል። በጨርቅ ከረጢት ውስጥ ያለፈው አየር ደቃቁን ብናኝ ይዞ ወደዚያው ክፍል ይመለስ ነበርና። ነገር ግን ተከራይ ግድግዳ አይሰብርም፤ ሲለቅም ይዞት የሚሄደውን ዕቃ ይመርጣል።

ሥርዓቱን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንደገና ያስነሣው አዲስ ሞተር ብቻ ሳይሆን የፒቪሲ ቧንቧ ነው። በመጋዝ የሚቆረጥና በማጣበቂያ የሚያያዝ ቀላል ቧንቧ በተገኘ ጊዜ፣ የኬኒን ሥራ በሰሜን አሜሪካ ያለ አንድ የቤት ባለቤት በትርፍ ጊዜው ሊሠራው ቻለ። ሞተሩና የአቧራ ማጠራቀሚያው በመኪና ማቆሚያ ክፍል ይተከላሉ። ከቧንቧው ጎን የሚሄድ አነስተኛ ቮልቴጅ ያለው ሽቦ በየክፍሉ ካለው መሰኪያ ሞተሩን ያስነሣል።

ሥራው ቀላል ቢመስልም የፍሰት ሕግ ግን ለአማተር አይራራም። የተለመደው ባለ ሁለት ኢንች ስስ ቧንቧ ውስጣዊ ስፋቱ 48 ሚሊሜትር ያህል ነው። በሰከንድ 45 ሊትር አየር ቢያልፍበት ፍጥነቱ በሰከንድ 25 ሜትር ገደማ ስለሚሆን አቧራውን ተሸክሞ ለመሄድ ይበቃል። ያንኑ አየር በግማሽ ስፋት ለማሳለፍ የሚሞክር ሰው ግን የግፊት ኪሳራውን ወደ 32 እጥፍ ያሳድገዋል። ስለዚህ ቧንቧ በማጥበብ ገንዘብ መቆጠብ ከንቱ ነው። መታጠፊያዎቹ ሰፊ ቅስት ያላቸው መሆን አለባቸው፤ ለውሃ የሚያገለግለው ተራ ጎሚቶ እዚህ አይስማማም። ከመሰኪያው ጀርባ ግን ሆን ተብሎ ጠባብ መታጠፊያ ይደረጋል። ምክንያቱም እርሳስ ወይም ሹካ ቢገባ፣ እጅ ሊደርስበት በማይችል ግድግዳ መካከል ሳይሆን እዚያው በር ላይ እንዲያዝ ነው። የተቆረጠው ጠርዝ በሞረድ ይለሰልሳል፤ ማጣበቂያውም በሚገባው ቧንቧ ውጫዊ ገጽ ላይ ብቻ ይቀባል። በተቀባዩ መገጣጠሚያ ውስጥ ከተቀባ ወደ ውስጥ ተገፍቶ ይደርቅና ፀጉርና ክር የሚይዝ እሾህ ይሆናል። መፈተሻውም ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት ነው።

በአሜሪካ የእንጨት ቤት ቧንቧው በምሰሶዎቹ መካከል ያልፋል። በአገራችን የብሎኬት ግድግዳ ግን ቦታው ከልስን በፊት ካልታሰበ በኋላ መቦርቦር ግድ ይላል። ከዚህም ሌላ በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል በሩብ ገደማ ያነሰ በመሆኑ፣ በአምራቹ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው የመሳብ ኃይል በዚያው መጠን ተቀንሶ መታሰብ ይኖርበታል።

በአሜሪካ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በተሠሩ አንዳንድ ቤቶች የድሮዎቹ የብረት ቧንቧዎችና መሰኪያዎች እስከ ዛሬ በግድግዳው ውስጥ ይገኛሉ። ሞተራቸው ከተነሣ ብዙ ዘመን ሆኖታል። አዲስ ሞተር ሊገጥምባቸው የሚያስብ ባለቤት አስቀድሞ መመርመር ያለበት፣ በየመጋጠሚያው አየር የሚያስገባ ክፍተት መኖር አለመኖሩን ነው።