ፈቃድና ቀሪ በምዕራብ ጎጃም

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ከሥራ መቅረት በማመልከቻ ከመጠየቁ በፊት ለጎረቤት የሚነገር ጉዳይ ነበር። አንድ አንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን ጠምደው ተራ በተራ የሚያርሱበት ልማድ መቀናጆ ይባላል። አንዱ ገበሬ ጠዋት ካልመጣ የሌላው በሬ ብቻውን ቆሞ ይውላል፤ ሞፈርና ቀንበሩም ከደጅ አይነሳም። የጤፍ መሬት ደጋግሞ መታረስ አለበት፤ ዝናብ ሲያስቸኩል የባከነ ቀን አይተካም። ስለዚህ መቅረት የግድ የሆነበት ሰው ልጁን ከዋዜማው ማታ ይልካል፤ ራሱ ባይመጣም በሬውን አያስቀርም። በወንፈልም ሕጉ ያው ነው፤ የአንድ ቀን ጉልበት የተቀበለ አንድ ቀን ይመልሳል፤ የታመመ ሰው ወንድሙን ወይም ልጁን ይተካል፤ ሳያስታውቅ የቀረ ቀኑን እንደ ብድር ይሸከማል። ደቦ ላላ ይላል፤ ጠሪው ያበላል፣ ጠላ ያጠጣል፤ ሂሳቡ ቀን በቀን አይቆጠርም።

ዕረፍትን የሚወስነው ደግሞ በዓል ነበር። ከቅዳሜና እሑድ ሌላ በየወሩ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔዓለም ይከበራል፤ ዝርዝሩ እንደየደብሩ ይረዝማል ወይም ያጥራል። በእነዚህ ቀናት ማረስ፣ ማጨድና መፍጨት ነውር ነው፤ በዓል የሻረ ሰው በረዶ ያስመጣል ተብሎ ይታመናል፤ ጉዳቱም የመንደሩ ሁሉ ነው። ለቅሶ መድረስና ሽምግልና መቀመጥ ግን የሚሆኑት በእነዚሁ ቀናት ነው። ይህን ዕረፍት ከማንም መጠየቅ አያስፈልግም፤ ክፍያም የለውም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በወር ደመወዝ ነው። ቀድሞ ወጀት ትባል በነበረችው ፍኖተ ሰላምና በቡሬ የመንግሥት መሥሪያ ቤትና ትምህርት ቤት ሲስፋፋ ከሥራ መቅረት «ጉዳዩ፦ የዓመት ፈቃድ ስለመጠየቅ» በሚል ደብዳቤ የሚስተናገድ ሆነ። በበሩ አጠገብ የሚቀመጠው የፊርማ መዝገብ ሰዓቱ ሲደርስ ይነሳል፤ ከተነሳ በኋላ የደረሰ ሠራተኛ አለቃውን ፈልጎ ማስረዳት አለበት። በደርግ ዘመን በብር ሸለቆ የመንግሥት እርሻ ሲቋቋም ይኸው ቆጠራ ማሳ ላይ ወረደ። በእንዲህ ያለ እርሻ ካቦ ጠዋት ስም ይጠራል፤ የቀን ሠራተኛ ከቀረ የዕለቱን ሂሳብ ያጣል እንጂ የሚጠይቀው ፈቃድ የለውም። ከፈቃድ ታሪክ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ ጥበቃ ይበልጥ የሚያሻው ሰው አላገኘውም።

ሕጉ ደረጃ በደረጃ ጠራ። በ1985 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 42 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 14 የሥራ ቀን፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት አንድ ቀን ፈቃድ ከነክፍያው ሰጠ። የ1987 ሕገ መንግሥት ከክፍያ ጋር የሚሰጥ ዕረፍትን የሠራተኛ መብት አድርጎ አሰፈረ። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 መነሻውን 16 ቀን አድርጎ ጭማሪውን በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ላይ ወሰነው። ለረጅም ዘመን አገልጋይ ይህ ስሌት ከቀድሞው ይጎዳል፤ ከመነሻው ጭማሪ ጋር እኩል መነገር የሚገባው ነገር ነው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ በ2010ሩ አዋጅ በ20 ቀን ይጀምር ነበር፤ ጣሪያው 30 ነበር።

ያለፈቃድ መቅረትም ተሰፍሯል። በ1985 እና በ1996 የአሠሪና ሠራተኛ አዋጆች ያለ በቂ ምክንያት አምስት ተከታታይ የሥራ ቀን፣ ወይም በወር አሥር፣ ወይም በዓመት ሠላሳ ቀን የቀረ ሠራተኛ ያለማስጠንቀቂያ ይሰናበት ነበር። የ2011ዱ አዋጅ ቀናቱን አጠበቀ፤ በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን መቅረት ይበቃል፤ ሆኖም አሠሪው በጽሑፍ አስጠንቅቆ መሆን አለበት። ወረቀቱ ካልተሰጠ ስንብቱ ሕጋዊ አይሆንም። የታመመ ሠራተኛ በበኩሉ አሠሪው ማወቅ የሚችልበት ሁኔታ ከሌለ በማግስቱ ማሳወቅ ይጠበቅበታል።

በ2013 የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክና የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ ሲመረቁ የፈረቃ ሥራ ከገበሬው መንደር ደጃፍ ደረሰ። ሕጉ ለቅርብ ዘመድ ሞት የሚሰጠው ሦስት የሥራ ቀን ከሰልስት ጋር ይገጥማል። የጎረቤት ቀብር ግን በሕጉ አይቆጠርም፤ ዕድር ደግሞ የቀረን አባል ይቀጣል። የወሩ 21 በሥራ ቀን ሲውልም መፍትሔው ጠባብ ነው፤ የዓመት ፈቃድ በስምምነት የሚከፈለው ለሁለት ብቻ ስለሆነ ለየማርያሙ አንድ አንድ ቀን እየቆረሱ መውሰድን ሕጉ አያውቀውም። ያለ ክፍያ የሚሰጠው እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ፈቃድም ልዩና ከባድ ሁኔታ ለገጠመው ሠራተኛ የተቀመጠ ነው፤ ያም ቢሆን በዓመት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም።