ስሜ ዝርዝሩ ላይ ወጣ

ዲሲ ዝናብ ነው፣ ሥራው ቀዝቅዟል። ናሽናል ኤርፖርት ተራ ይዤ ቁጭ ብያለሁና ትንሽ ላውራችሁ። ይረዝማል፣ ቡናችሁን ያዙ።

በኮሮና ጊዜ ብዙዎቻችን ታክሲ ነጂዎች ፒፒፒ የሚሉትን የመንግሥት ብድር እንደወሰድን ታስታውሳላችሁ። በዲሴምበር 2020 የተበዳሪው ሁሉ ስም ከነገንዘቡ ለሕዝብ ወጣ። እኔም አለሁበት። አንዱ ወዳጄ ደውሎ «አንተ፣ ይሄን ሁሉ ተቀብለህ ነው ቡናውን እኔን የምታስከፍለኝ?» አለኝ። ሳቅኩ፣ ውስጤ ግን ተናደደ። እውነቱን ልናገር፣ ስልኩን ዘግቼ እኔም የጓደኞቼን ስም ስፈልግ አመሸሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ነጭ ገበሬ ኢንዲፔንደንስ አቬኑ ወዳለው ግብርና ሚኒስቴር ወሰድኩ። «መንግሥት ስንት እንደሚከፍለኝ ጎረቤቴ ሁሉ ያውቃል» ብሎ መንገዱን ሙሉ አማረረ። የራሴ ነገር ትዝ አለኝና ታሪኩን ማንበብ ጀመርኩ።

ነገሩ የሚጀምረው በሜይ 1933 ሩዝቬልት በፈረመው ሕግ ነው። የጥጥ ዋጋ ሞቶ ስለነበር መንግሥት ገበሬውን «ጥቂት ዝራ፣ ልዩነቱን እኔ እከፍልሃለሁ» አለው። በዚያው በጋ 10 ሚሊዮን ኤከር ገደማ የበቀለ ጥጥ ተገለበጠ። ገንዘቡ ግን የሚላከው ለባለመሬቱ ነው። ደቡብ ውስጥ ጥጡን የሚያርሰው ደግሞ ጭሰኛው ነበር፣ ጥቁሩም ነጩም፣ አያቶቻችን የእኩል አራሽ የሚሉት ዓይነት። ባለመሬቱ ቼኩን ተቀብሎ የጭሰኛውን ድርሻ መስጠት ነበረበት። ብዙው አልሰጠም። ይባስ ብሎ መሬቱ ጦም ካደረ ሰው ምን ያደርግልኛል እያለ ከነቤተሰቡ አባረረው። ጭሰኛው በምን ይሟገት? ጌታው ስንት እንደተቀበለ የሚያይበት ወረቀት እንኳ የለውም።

በ1934 አርካንሶ ውስጥ ታይሮንዛ በምትባል ትንሽ ከተማ ጥቁርና ነጭ ጭሰኞች አንድ ላይ ማኅበር አቋቋሙ። በዚያ ዘመን፣ በዚያ አገር! የክፍያው መሥሪያ ቤት ወጣት ጠበቆችም «ባለመሬቱ ጭሰኞቹን ማስወጣት አይችልም» ብለው ሕጉን ተረጎሙ። በፌብሩዋሪ 1935 የተባረሩት ግን ጠበቆቹ ናቸው።

በ1936 የሚሺጋኑ ሴናተር አርተር ቫንደንበርግ ትልልቅ ክፍያ የወሰዱት ይነገሩን ብሎ ተነሳ። ለጭሰኛው አዝኖ አይመስለኝም፣ የምርጫ ዓመት ነበር፣ እሱም የሩዝቬልት ተቃዋሚ ነው። ግን ጉድ ወጣ። ከትልልቆቹ ተከፋዮች አንዱ ሚሲሲፒ ያለው ዴልታ ኤንድ ፓይን ላንድ የሚባል እርሻ ሆኖ ተገኘ። ባለቤቶቹ እንግሊዞች ናቸው። ሥራ አስኪያጁ ኦስካር ጆንስተን ደግሞ በዚያው ገንዘቡን በሚያድለው መሥሪያ ቤት ባለሥልጣን ነበር።

ከዚያ በኋላ ረጅም ዝምታ ነው። በ1996 ዋሽንግተን ፖስት ሚኒስቴሩን ከሶ ፍርድ ቤት የተከፋዮቹ ስም ይሰጥ ብሎ ፈረደ። በ2001 አንድ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት የመላ አገሩን ዝርዝር ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ገበሬው ወደ ጎረቤቱ ስም ሮጠ (ልክ እንደኛ)። ከ«ገበሬዎቹ» መሀል እነማን ተገኙ? ዴቪድ ሮክፌለር፣ ቴድ ተርነር፣ የኳስ ተጫዋቹ ስካቲ ፒፐን። በ2006 ደግሞ ያው ጋዜጣ ከ2000 ወዲህ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ጭራሽ ለማያርሱ ሰዎች መከፈሉን ጻፈ።

የኔ ተሳፋሪ የሚያማርርበትም ምክንያት አለው። እሱ በስሙ ሲወጣ፣ ትልልቆቹ በኩባንያና በሽርክና ስም ስለሚከፈላቸው ከጀርባ ያለውን ሰው መለየት ያስቸግራል። ይሄን የነገረኝ እሱ ነው፣ ሳነብም እውነት ሆኖ አገኘሁት። ግን ያንን ዝርዝር ባናይ ይሄንንስ በምን እናውቅ ነበር?

ሲወርድ የፒፒፒውን ታሪክ ነገርኩት። «ስንት ወሰድክ?» አለኝ። ነገርኩት። «አንተስ?» ስለው «ፈልገህ አግኘው» ብሎ ሳቀ። ቲፑ ግን ጥሩ ነበር።

ተራዬ ደረሰ፣ ቻው።